ፈትተው መግጠም የሚወዱት ንጉሥ

በውጭ አገር ለጊዜ ማሳለፊያ በሚታተሙ የ«ይህን ያውቁ ኖሯል?» ዓይነት መጻሕፍት ውስጥ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ አንድ የማይጠፋ ተረት አለ። ንጉሡ አሜሪካኖች ሞት የተፈረደበትን ሰው በኤሌክትሪክ ወንበር እንደሚገድሉ ሰሙና ወንበሮች አዘዙ፤ ወንበሮቹ ሲደርሱ ለካ አገሩ ኤሌክትሪክ የለውም፤ ገንዘቡ ባክኖ እንዳይቀር አንዱን ወንበር ዙፋን አደረጉት ይላል። ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ማስረጃ እጠይቃለሁ። የትእዛዙን ደብዳቤ ያቀረበ የለም፤ ደረሰኝ ያሳየ የለም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው ያለ እንግዳም የለም። በዚያ ዘመን እንጦጦና አዲስ አበባ የመጣ አውሮፓዊ ሁሉ የቀረበለትን ወጥ ሳይቀር በማስታወሻው ይጽፍ ነበር። እንዲህ ያለውን ወንበር አይቶ ዝም ይላል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ተረቱ ውሸት መሆኑ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የሚከፋው ሰውየውን ገልብጦ ማሳየቱ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ሳይጠይቁ ዕቃ የሚገዙ ንጉሥ ያስመስላቸዋል። የሚያውቋቸው ሰዎች ጽፈው የተዉልን ግን ተቃራኒውን ነው። አፄ ምኒልክ አዲስ መሣሪያ ሲመጣላቸው ከውስጡ ምን እንዳለ፣ የቱ የቱን እንደሚያንቀሳቅስ ሳያዩ ዕረፍት የማያገኙ ሰው ነበሩ። ጠመንጃ ቢሆን፣ ሰዓት ቢሆን፣ የፎቶግራፍ መሣሪያ ቢሆን ይጠይቃሉ፤ ያስፈታሉ፤ በእጃቸው ይነካካሉ። ዛሬ ቢኖሩ ኖሮ ኮምፒውተራቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው፣ መፍቻ ይዘው፣ እራት ቀረበ ሲባሉ ቆይ የሚሉ ዓይነት ሰው ይሆኑ ነበር ብዬ አስባለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤታችን አይጠፋም። ልዩነቱ ምኒልክ ዘውድ የጫኑ መሆናቸው ነው።

ይህ ዝንባሌ ከየት መጣ? ከቤት ነው ለማለት ይቻላል። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1830ዎቹ የውጭ ባለእጆችን በአገልግሎታቸው አስገብተው ነበር። ከነዚህ አንዱ ዲሜትሪዮስ የሚባል ሰው በውኃ የሚሠራ ወፍጮ ሠራላቸው። ወፍጮው ሠራ። ነገር ግን ካህናቱ ሰው ሳይነካው የሚፈጭ ነገር የሰይጣን ሥራ ነው አሉና ወፍጮው ተተወ፤ የሸዋ ሴቶችም ወደ ድንጋይ ወፍጯቸው ተመለሱ። በኔ ግምት ከሣህለ ሥላሴ ዘመን ታሪኮች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። በጉልበቷ ተንበርክካ እህል የፈጨች እናት ያለችው ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል።

ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው፣ በ1848 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው እሳቸውንም ወሰዷቸው። ወደ አሥር ዓመት ገደማ የቆዩት መድፍ በአገሩ ካልተሠራ እንቅልፍ በማይወስደው ንጉሥ ግቢ ነው። ትልቁ ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ የተቀረጸው እሳቸው በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ካመለጡ በኋላ ቢሆንም፣ ስለ ብረትና ስለ ባለእጅ የሚወራውን ወሬ እየሰሙ ማደጋቸው አያጠራጥርም። ቴዎድሮስ ባለእጆቹን አስገድደው አሠሩ። ምኒልክ አባብለው አሠሩ። ሁለቱም የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ የተከተሉት መንገድ ግን ሰማይና ምድር ነው።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ወደ ሸዋ መጣ። እንደሚነገረው ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ ወይም ቤት አልነበረም፤ ጫማ ነበር። መሐንዲሱ ጫማ ሰፊ አይደለሁም ሳይል ሠርቶ አቀረበ። ታሪኩ ተጨምሮበትም ሊሆን ይችላል፤ ጠባያቸውን ግን በትክክል ይገልጻል። ሰውን የሚመዝኑት በወረቀቱ ሳይሆን በእጁ ነበር። ኢልግ ከዚያ በኋላ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አብሯቸው ሠራ። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ የባቡሩን ውል በ1886 ዓ.ም. ተቀበለ፤ ኋላም የውጭ ጉዳይ አማካሪያቸው ሆነ።

የንጉሡ ውሎ ከሌሊት ይጀምር ነበር። ዶሮ ሳይጮህ ተነስተው ይጸልያሉ፤ ከዚያ የየክፍሉን ሹም ወሬ ይሰማሉ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ደብዳቤዎቹን ያቀርባሉ። ረቡዕና ዓርብ የችሎት ቀን ነበር፤ አባ ዳኘው የሚለው የፈረስ ስም በከንቱ አልወጣም። በግብር ቀን አዳራሹ ሺዎችን ያበላል። ከዚያ የተረፈችው ሰዓት ግን የራሳቸው ነበረች። ወደ ግቢው ሠራተኞች ይወርዳሉ። እንጨት ጠራቢው፣ አንጥረኛው፣ ኮርቻ ሠሪው፣ ጠመንጃ ጠጋኙ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ። ምን ደረሰ? ይህ ለምን እንዲህ ሆነ? ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መንገድ ሲሠራ ራሳቸው ድንጋይ ያነሳሉ፤ ንጉሥ ድንጋይ ተሸክሞ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ባለሟል ስለሌለ መኳንንቱም ወደዱም ጠሉ ይሸከማሉ። ዓላማው ይኸው እንደነበረ ግልጽ ነው።

ስልክ የመጣው ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም. ከጣሊያን ሲመለሱ ይዘውት ነው። ቤተ መንግሥቱንና ግምጃ ቤቱን አገናኙበት። የአያታቸው ዘመን ነገር እንደገና ተነሳ፤ አካል የሌለው ድምፅ ከግድግዳ ሲወጣ የሰሙ ካህናት የአጋንንት ሥራ ነው አሉ። በዚህኛው ዙር ግን የተሸነፈው መሣሪያው አልነበረም። ምኒልክ ስልኩን ፈትተው ያዩ ሰው ስለነበሩ ሰይጣን የተባለው ሽቦና ብረት መሆኑን ያውቃሉ። ያላየ ሰው ያላየውን ሊፈራ ይችላል፤ ያየ ሰው ግን አይፈራም። ሣህለ ሥላሴ ወፍጮውን ለመከላከል ያልቻሉት ይህ ዕውቀት ስላልነበራቸው ይመስለኛል።

በ1886 ዓ.ም. ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አመጣ። ውኃ ወደ ላይ ሲወጣ ያየ የአዲስ አበባ ሰው የሚሆነውን አጣ፤ ባለቅኔውም አዝማሪውም ግጥም ገጠመለት። ውኃው ግን ወደ ላይ የወጣው በተአምር አልነበረም። ከከፍተኛ ቦታ ተነስቶ ወደ ሸለቆ ወርዶ፣ ከተነሳበት ዝቅ ወዳለ ኮረብታ የሚወጣው በራሱ ግፊት ነው። ንጉሡ ይህን ተረድተውታል፤ ሕዝቡ ግን ተአምር ነው ብሎ አመሰገነ። እዚህ ላይ ልብ ይሏል። መሣሪያው ግቢው ውስጥ ዕውቀት ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ ተአምር ነበር።

ስለ ሸክላውም ላንሳ። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በሰም ላይ አስቀርጸው ላኩ። ቆመው አደመጡ ይባላል። የንግሥቲቱ ቅጂ በራሳቸው ትእዛዝ ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ተደረገ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በምላሹ ያስቀረጹት ድምፅ ግን ተርፎ ዛሬም ይሰማል። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ በሲድሊ መኪና አዲስ አበባ ገባ። መንገድ በሌለበት አገር መኪና መንዳት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የነዳው ብቻ ነው። ንጉሡ ሳይፈሩ ተሳፈሩበት። ሲኒማውንም ወደዱት፤ ሕዝቡ የሲኒማውን ቤት የሰይጣን ቤት ብሎ ሲሰይመው እሳቸው ግቢ ውስጥ ያዩ ነበር። አርመኑ ሰርኪስ ያስመጣት በእንፋሎት የምትሄድ መንገድ ደምዳሚም የሰርኪስ ባቡር ተብላ በዘፈን ገብታ ቀረች።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ከአጥሩ የወጣው ምን ነበር የሚለው ነው። የአዲስ አበባና የሐረር መስመር 477 ኪሎ ሜትር ሆኖ ከ1889 እስከ 1891 ዓ.ም. ተዘረጋ። ዝሆን ምሰሶውን ይገፋዋል፤ ምስጥ ይበላዋል፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ሽቦውን ቆርጦ አምባር ይሠራበታል። ይህን የጻፉ ፈረንጆች እየሳቁ ነው የጻፉት። እኔ አያስቀኝም። ገበሬው ስልክ ደውሎ አያውቅም፤ የሚደውልለትም የለም። ከራሱ በላይ የሚያልፈው ወሬ ስለ ግብርና ስለ ክተት እንጂ ስለ እሱ አልነበረም። ለሚስቱ አምባር መሆኑ ለሱ የተሻለ አገልግሎት ነው።

ጎጃምን እንይ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚጓዝ ሰው የተምጫን ወንዝ ያቋርጣል። በዚህ ወንዝ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከ1876 እስከ 1877 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የድንጋይ ድልድይ አሠርተው ነበር። የሠራው ካውንት አውጉስቶ ሳሊምቤኒ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው ኋላ በራስ አሉላ እጅ ታስሯል፤ ከዚያም በውጫሌ ውል ክርክር ጊዜ በምኒልክ ግቢ የጣሊያን ተወካይ ሆኖ ተቀምጧል። ከድልድይ ሠሪነት ወደ ውል ተከራካሪነት መውረድ ነው እንዳልል ሙያዬ ይከለክለኛል።

ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው የተሸነፉ፣ ቆስለው የተማረኩ ንጉሥ ናቸው። ምኒልክ ቁስላቸውን በገዛ እጃቸው እንዳጠቡ ይነገራል። ሁለቱም ፈረንጅ መሐንዲስ ይፈልጉ ነበር፤ ሁለቱም ድልድይ ይወዱ ነበር። የተምጫው ድልድይ ተሠራ፤ የዓባዩ ግን በሁለቱም ዘመን አልተሠራም። ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ሲሞቱ ጎጃም ተከፋፍሎ ለሹማምንት ታደለ። ያኔ ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም ገና አልወጣም ነበር፤ የዳሞትና የቡሬ ገበሬ ከአዲስ አበባ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሹም ሽርን ነው። ስልክ፣ ቧንቧና ሲኒማ ዓባይን አልተሻገሩም።

ግን መሻገሪያ አጥተው ብቻ አልነበረም። በዳሞት መንደሮች ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን የሚሠራው ቀጥቃጭ ነበር። ወናፉን እየነፋ ብረት የሚያቀልጠው፣ የማሽን ነገር ቢመጣ ከማንም ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ይህ ሰው በአብዛኛው ርስት የለውም፤ ከጎረቤቱ ጋር አይጋባም፤ ልጅ ሲታመም ቡዳ ነው፣ በላው ይባላል። ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ነው። አንድ አገር ብረት የሚፈታና የሚገጥም ሰውን የሚፈራና የሚንቅ ከሆነ ንጉሡ ብቻቸውን ፈትተው ቢገጥሙ ምን ይፈይዳል?

ምኒልክ ይህን አይተውታል። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለኔ ትልቁ ስልኩም መኪናውም አይደለም፤ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ ነው። ባለእጅን በሙያው ምክንያት የሚሰድብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል፤ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ አራሹን በሥራው መጥራት ስድብ ሆኖ ከተገኘ ያስቀጣል የሚል ነው። የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የመጣ መሆኑን፣ አገር ያለ ባለእጅ እንደማይቆም ያስረዳል። ዛሬ የሕግ ተማሪ ቢያነበው የሰብዓዊ ክብር ድንጋጌ ነው ይለዋል። ተሰዳቢውን በንጉሡ አካል ውስጥ ማስገባታቸው ደግሞ ብልሃት ነው፤ ቀጥቃጩ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ማንም አይሰማውምና ከሳሹ ዘውዱ ሆነ።

ሆኖም አዋጅ አስፈጻሚ ይፈልጋል። በወረዳ ችሎት የሚቀመጠው ባላባት ነው፤ ባላባቱ ቀጥቃጩን ከቤቱ አያስገባም። ቡዳ ብሎ የተሳደበውን ለመቅጣት መጀመሪያ ዳኛው ራሱን መቅጣት ነበረበት። አዋጁ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የንጉሡ ሕመም ጸና። ስድቡ ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ፤ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው በልጅነቱ አልሰማሁትም የሚል ከሆነ ይደንቀኛል።

በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም የዚሁ ነገር ሌላ ገጽታ ነው። አቡነ ማቴዎስ እንዳይቃወሙ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ሆኑ። በዋናነት የተሰጠው የቋንቋ ትምህርት ነው። ቋንቋ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ፈረንሳይኛ የተማሩት ልጆች ኋላ ለአገሩ ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። ነገር ግን ሰዓት ፈትተው በሚያዩት ንጉሥ ስም የተከፈተው ትምህርት ቤት ያወጣው በብዛት አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበር። የአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት እስኪከፈት እስከ 1934 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ እስኪከፈት ደግሞ እስከ 1955 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረብን። በመካከሉ መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠራው አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ ወይም ጣሊያኑ ነው።

ዓባይን የተሻገረ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ማሽን አይደለም። በ1886 ወይም 1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ከተማዋ ማገዶ አጥታ ልትፈታ ስትል ያዳናት ይህ ዛፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ምኒልክ ስለ ባሕር ዛፍም እንደ ማሽኑ ጠይቀዋል፤ ተከላውን አበረታትተዋል። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ቢያይ በየማሳው ዳር የቆመው፣ አንዳንዴም ማሳውን ጨርሶ የያዘው እሱ ነው። ገበሬው ለምሰሶ፣ ለማገርና ለማገዶ ይሸጠዋል፤ በችግር ቀን እንደ ባንክ ደብተር ይቆርጠዋል። አፈሩን ያደርቃል፣ የጎረቤቱን ጤፍ ይጎዳል የሚል ክርክርም በየቀበሌው አለ፤ የድንበር ክስ ሆኖ ፍርድ ቤት ሲቀርብም አይቻለሁ። መልካምም ይሁን ክፉ፣ ባሕር ዛፍ የተስፋፋው መሐንዲስ ስለማይፈልግ ነው። ገበሬው ራሱ ዘርቶ፣ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ያበቅለዋል። ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ መለዋወጫ አያስፈልገውም።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አስፋልት ዳር በጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው የሞባይል ስልክ የሚጠግኑ ልጆች አሉ። አንድ ጊዜ ቆሜ አየሁ። ስልኩን በጥፍሩ ከፍቶ፣ ብየዳውን ለኩሶ፣ አንዲት ፍሬ የማታክል ነገር ነቅሎ ከሌላ የሞተ ስልክ አውጥቶ ተካ። ማን አስተማረህ ስለው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ራሱ ከፍቶ ነው ያየው። ይህ ልጅ ቡዳ አይባልም። ነገር ግን እናቱ ለጎረቤት ስታወራ ልጄ ሥራ የለውም፣ ስልክ ይነካካል ነው የምትለው፤ ቢሮ የገባውን ታላቁን ነው በስም የምትጠራው።

ንጉሡን በ1898 ዓ.ም. የጀመራቸው ሕመም በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ጸንቶ አንደበታቸውን ያዘው። ሁሉን ሲጠይቁ የኖሩ ሰው የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ሳይጠይቁ ተኙ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ አገሩ ያልተለቀሰለትን ንጉሥ በሹክሹክታ ቀበረ። በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ በሰጡት ውል ከጅቡቲ ተነስቶ እንጦጦ ደርሶ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ ይዘልቃል የተባለው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲያ አልቀጠለም። ወደ ጎጃም የሚሄድ ሐዲድ እስከ ዛሬ የለም፤ የቡሬ በርበሬና የዳሞት በቆሎ ዓባይን የሚሻገረው በጭነት መኪና ነው።